የኮምፒውተሩ ፋን ዝቅ ሲል የሸኻችን ድምፅ ተሰማ



ውድ ወንድምና እህቶቼ፣ የዛሬው ጽሑፌ ስለ ኮምፒውተር ፋን ነው። "ኡስታዝ ደግሞ ምን ነካው?" እንዳትሉኝ። ብዙዎቻችሁ ቤት ወይም ሱቅ ውስጥ ሲበራ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ አሮጌ ዴስክቶፕ አለ። ትምህርት የምትቀዱበት፣ የምትተይቡበት፣ ልጆች የሚያጠኑበት ነው። ይህን ጩኸት በጣም በትንሽ ወጪ፣ ማሽኑን ሳትጎዱ መቀነስ ይቻላል። እንዴት እንደሚቻል፣ መቼም እንደማይገባ፣ እኛ ሀደሮ ውስጥ ካደረግነው ተነስቼ ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ጉዳዩ ለምን እንዳስጨነቀን ልንገራችሁ። እኔ የኢማሙ ረዳት ነኝ፤ ከመስጂዱ ጋር የተያያዘችውን አንዲት ጠባብ ክፍልም እኔ ነኝ የምጠብቃት። በክፍሏ ውስጥ ወንድሞች አዋጥተው ገዝተው ወቅፍ ያደረጉት ያገለገለ ዴስክቶፕ አለ። በሳምንት ሁለት ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ሸኻችን እዚያ ተቀምጠው ኪታብ ያቀራሉ። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፤ ድምፃቸውም ከዓመት ዓመት እየሳሳ መጥቷል። ኪታቡን በዐረብኛ ያነቡና ትርጉሙን በከምባትኛ ይሰጣሉ። ኪታቡማ ታትሟል፤ የትም ይገኛል። የእሳቸው የከምባትኛ ማብራሪያ ግን የትም አልተጻፈም። ከአባቶቻቸው የሰሙት፣ ሃምሳ ዓመት ሲያስተምሩ ያበሰሉት ነው። ካልተቀዳ አብሯቸው ይሄዳል።

"በሞባይል አትቀዱም?" ትሉ ይሆናል። ቀድተን ነበር። ሞባይል ግን ይደወልበታል፣ ሜሞሪው ይሞላል፣ ባለቤቱ ከተማ ሲቀይር ቅጂውም አብሮት ይጓዛል። ስለዚህ ቅጂው ሁሉ አንድ ቦታ እንዲቀመጥ በኮምፒውተሩ እንቅዳ ተባለ። ማይክ ተገዛ፣ ተቀዳ። መልሰን ስናዳምጥ ከሸኻችን ድምፅ በላይ "ሽሽሽ" የሚለው ፋን ነው የሚሰማው።

ወጣቶቹ በፕሮግራም ለማጥራት ሞከሩ። ኦዳሲቲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ጩኸት መቀነሻ አለው፤ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን የፋን ድምፅ እንደ ፉጨት አንድ ወጥ ቃና ብቻ አይደለም፤ ከወፍራም እስከ ቀጭን የተዘረጋ ሽውታ ነው። ሲን፣ ሷድ፣ ሺን፣ ፋእና ሃእ ደግሞ ራሳቸው ሽውታ ናቸው። ፕሮግራሙ የፋኑን ሽውታ ሲያጠፋ ከፊደሎቹም ላይ ይቆርጣል። ሲንና ሷድን ለመለየት ዓመት የደከመ ደረሳ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

የከምባትኛው ደግሞ ይብሳል። ቋንቋውን የምታውቁ ልብ በሉ፤ ብዙ ቃላት መጨረሻቸው ላይ ያለው አናባቢ ጮክ ተብሎ አይነገርም፤ በትንፋሽ፣ በሹክሹክታ ነው የሚባለው። ሆኖም ያቺ የቃል መጨረሻ ትርጉም ትሸከማለች። በፊት ለፊት ስትነጋገሩ ጆሮ ይይዛታል። በፋን ሽውታ ውስጥ ግን ትንፋሽ ከትንፋሽ አይለይም። አንድ ጊዜ ከተቀላቀለ በኋላ ደግሞ ንጹሕ አድርጎ የሚለይ መሣሪያ የለም። ስለዚህ መፍትሔው ጩኸቱን ከመቀዳቱ በፊት ከምንጩ መቀነስ ነው።

ከምንጩ እንቀንስ ስንል ግን ከኮሚቴው አንድ አባት ተቃወሙ። "ማሽኑ ተቃጥሎ ዝም ከሚል እየጮኸ ቢኖር ይሻላል" አሉ። ልክ ነበሩ። ፋኑ ያለ ምክንያት አልተገጠመም። ንብረቱም የእኔ አይደለም፤ አላህ ዘንድ የሚጠየቁበት አማና ነው። ስለዚህ ተነጋግረን ሁለት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ የምናደርገው ሁሉ በአምስት ደቂቃ ወደ ነበረበት የሚመለስ ይሁን፤ የማሽኑ አንድም ሽቦ አይቆረጥ። ሁለተኛ፣ ሙቀቱን ከመንካታችን በፊትና በኋላ ለክተን እንጻፍ። እናንተም የራሳችሁ ባልሆነ ማሽን ላይ ይህን ብታደርጉ፣ የቢሮም ይሁን የትምህርት ቤት፣ መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅዱ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ለዩ። በአንድ ዴስክቶፕ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሦስት ፋን አለ። አንዱ ፓወር ሳፕላይው ውስጥ፣ አንዱ ፕሮሰሰሩ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከኬዙ ጀርባ ወይም ፊት ላይ። ኮምፒውተሩን አጥፉና የኬዙን ፋን ነቅላችሁ ለአንድ ደቂቃ አብሩት። ጩኸቱ ከቀነሰ ጥፋተኛው እሱ ነው። የፕሮሰሰሩን ፋን ነቅላችሁ እንዳታበሩ። የእኛ ላይ ዋናው ጯኺ የኬዙ ፋን ነበር።

ገንዘብ የማያስወጣውን አስቀድሙ። አቧራውን አራግፉ። መንገድ ዳር ባለ ቤት ውስጥ የበጋ አቧራ ክንፎቹ ላይ ይጋገራል፤ ሚዛናቸው ይዛባና ይንቀጠቀጣሉ። ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፤ ስታጸዱ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት። የላላ ብሎን በካቻቢቴ አጥብቁ። ማይኩን ወደ ተናጋሪው አቅርቡ፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የተናጋሪው ድምፅ ወደ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ የፋኑ ግን ባለበት ይቀራል። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ግቡና የፋን መቆጣጠሪያ ካለ ዝቅ አድርጉት። በተለይ ፋናችሁ ባለ አራት ሽቦ ከሆነ በዚሁ አቁሙ። ባለ አራት ሽቦ ፋን ፍጥነቱን የሚቀበለው በአራተኛው ሽቦ በሚመጣ ምልክት ስለሆነ ቮልቱን መቀነስ አያስፈልገውም። ከዚህ በታች ያለው ለባለ ሁለትና ለባለ ሦስት ሽቦ ፋን ነው። እኛ ይህን ሁሉ አድርገን ጩኸቱ በመጠኑ ቀነሰ፤ የሹክሹክታዋ አናባቢ ግን ገና አልተሰማችም።

ቮልት መቀነስ ለምን ይሠራል? የኬዝ ፋን በ12 ቮልት እንዲሠራ ተደርጎ የተሠራ ነው። አምራቹ ግን የእናንተን ክፍል አያውቅም። ኬዙ በሃርድ ዲስክና በካርድ ተሞልቶ፣ በሞቃት አገር፣ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ እንኳ እንዲያዳርስ አስቦ ነው ፍጥነቱን የወሰነው። ድምፅ ለመቅዳትና ለመተየብ ብቻ የሚበራ ማሽን ያን ሁሉ ነፋስ አይፈልግም። የምንቀንሰው ትርፉን ነው።

ደስ የሚለው ደግሞ ጩኸትና ነፋስ እኩል አለመቀነሳቸው ነው። የፋኑ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚነፍሰው አየርም በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን ወደ 15 ዴሲቤል ይወርዳል። ለሰው ጆሮ 10 ዴሲቤል መቀነስ "በግማሽ ዝቅ አለ" እንደማለት ነው። ስለዚህ ከነፋሱ ሲሶውን ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ብትሰጡ፣ በምላሹ ለጆሮ ከጩኸቱ ግማሹ ይወርዳል። ከዚህ የተሻለ ንግድ የለም።

መንገዶቹን ልዘርዝር። የኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ ለሃርድ ዲስክ በሚወጣው ትልቁ ባለ አራት እግር ሶኬት ላይ ቢጫው ሽቦ 12 ቮልት፣ ቀዩ 5 ቮልት፣ ሁለቱ ጥቁሮች ደግሞ ዜሮ ናቸው።

አንደኛው መንገድ የፋኑን አዎንታዊ ሽቦ ከቢጫው ወደ ቀዩ ማዛወር ነው፤ 5 ቮልት ያገኛል። ሳንቲም አያስወጣም፤ በጣም ጸጥ ይላል። ችግሩ ብዙ ፋኖች በ5 ቮልት አይነሱም፤ ወይ ዛሬ ይነሱና ነገ ይቀራሉ።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚያውቀው የ7 ቮልት ዘዴ ነው። የፋኑን አዎንታዊ ከቢጫው፣ አሉታዊውን ከጥቁር ሳይሆን ከቀዩ ያገናኛሉ፤ 12 ሲቀነስ 5 እኩል ይሆናል 7። ይሠራል። ነገር ግን የፋኑ ጅረት ተመልሶ የሚገባው ወደ 5 ቮልቱ መስመር ነው። ፋኑ ውስጡ ሾርት ካደረገ 12 ቮልት በቀጥታ ወደ 5 ቮልቱ መስመር ይደርሳል፤ በዚያ መስመር ላይ ደግሞ ቅጂዎቻችን ያሉበት ሃርድ ዲስክ አለ። ለራሱ ማሽን የሚደፍር ይድፈር፤ ለአማና ግን አልወደድነውም።

ሦስተኛው በአዎንታዊው ሽቦ መሐል ሬዚስተር ማስገባት ነው። ኖክቱዋ የተባለው የኦስትሪያ ኩባንያ ከፋኖቹ ጋር የሚሰጠው ድምፅ መቀነሻ ገመድ ውስጡ ያለው ይኸው ነው። ፋኑ ላይ 12 ቮልት 0.20 አምፒር ተብሎ ከተጻፈ፣ ወደ 7 ቮልት ለማውረድ 47 ኦም አካባቢ ይሆናል፤ እንዳይግል 2 ዋት የሚችል ይሁን። ጉድለቱ፣ ፋን ሲነሳ ብዙ ጅረት ይስባል፤ ሬዚስተር ደግሞ ጅረት በበዛ ቁጥር ብዙ ቮልት ይይዛል። ፋኑ ጉልበት በሚፈልግበት ሰዓት ይነፍገዋል።

አራተኛው እኛ የመረጥነው ነው፤ ዳዮድ። እያንዳንዱ ተራ ዳዮድ ጅረት ሲያልፍበት ወደ 0.7 ቮልት ያስቀራል፤ ጅረቱ ቢበዛም ቢያንስም ብዙ አይለዋወጥም። ስለዚህ ፋኑ ሲነሳ አይነፍገውም። 1ኤን4007 የሚባለው ዳዮድ በየራዲዮ ጠጋኙ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ከተበላሸ ቻርጀርና ቴፕ ውስጥም ይነቀላል። እስከ 1 አምፒር ይችላል፤ ለኬዝ ፋን ከበቂ በላይ ነው። ሦስት ብትደረድሩ 2 ቮልት ገደማ፣ ስድስት ብትደረድሩ 4 ቮልት ከምናምን ይቀንሳሉ። አንድ በጨመራችሁ ቁጥር አንድ ደረጃ ትወርዳላችሁ፤ እንደ ደረጃ መውረጃ ነው።

እኔ መበየድ አልችልም። ከተማችን ውስጥ ራዲዮና ሞባይል የሚጠግን አንድ ሰው ጋ ሄድኩ። "ኡስታዝ፣ የፋኑን ሽቦ ልቁረጠውና እዚሁ ላስገባው፤ ሁለት ደቂቃ ነው" አለኝ። "አይሆንም፣ መቁረጥ አልተፈቀደልኝም" አልኩት። አሰበና ከሞተ ፋን ላይ ገመዱን ከነሶኬቱ፣ ከሞተ ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ ባለ ሦስት እግሩን መሰኪያ ነቀለ። ሁለቱን አገናኝቶ አጭር ማራዘሚያ ገመድ ሠራ፤ ስድስቱን ዳዮዶች በአንደኛው ሽቦ መሐል በየዳቸው፣ በናስትሮ ጠቀለላቸው። አንዱ ጫፍ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካል፣ በሌላው ጫፍ ፋኑ ይሰካል። ካልተስማማን ነቅለን ፋኑን ቀጥታ መመለስ ነው። ዳዮዶቹ፣ ገመዱና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ለአንድ ሰው ምሳ የሚበቃ አልነበረም።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር አስተውሉ። ዳዮድ አቅጣጫ አለው፤ ብርማ ቀለበት ያለበት ጫፍ ወደ ፋኑ ይዙር፤ ካልሆነ ፋኑ ጭራሽ አይዞርም። የምትቀንሱበት ሽቦ መካከለኛው ነው፤ በባለ ሦስት ሽቦ ፋን አዎንታዊው ሁልጊዜ መሐል ነው። በቀለም አትመኑ፤ በፓወር ሳፕላይ ላይ 12 ቮልት የሆነው ቢጫ፣ በብዙ ፋኖች ላይ ፍጥነት የሚነግረው ሽቦ ነው። ሥራው ሁሉ ደግሞ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ ከግድግዳው ሶኬት ተነቅሎ ነው።

ከገጠምን በኋላ በቴስተር ስንለካ ፋኑ ላይ የደረሰው ወደ 7 ቮልት ተኩል ሆነ። ባዮስ ላይ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ2000 ዙር ገደማ ወደ 1250 ገደማ ወርዷል።

ከዚያ ፈተናው መጣ፤ እናንተም እንዳትዘሉት። የመጀመሪያው የመነሳት ፈተና ነው። የተነሳ ፋን በትንሽ ቮልት መዞሩን ይቀጥላል፤ ከቆመበት ለመነሳት ግን የበለጠ ይፈልጋል። እኛ አገር መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። በመጣ ቁጥር ፋኑ ራሱን ችሎ መነሳት አለበት። ቅባቱ በሚጠነክርበት በማለዳ ቅዝቃዜ አሥር ጊዜ አጥፍተን አበራነው፤ አሥሩንም ተነሳ። አንድ ጊዜ እንኳ ቢያመነታ አንድ ዳዮድ ቀንሱ።

ሁለተኛው የሙቀት ፈተና ነው። ሙቀት የሚያሳዩ ነጻ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። እኛ ከመቀየራችን በፊት አንድ ሰዓት ቀድተን ስንለካ ሃርድ ዲስኩ 37፣ ፕሮሰሰሩ 52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ከቀየርን በኋላ በዚያው ሰዓት ሃርድ ዲስኩ 41፣ ፕሮሰሰሩ 55 ሆነ። ብዙ አምራቾች ለዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ የሚሰጡት የመጨረሻ ገደብ 60 ነው፤ እኔ ግን ከ50 በታች እንዲቀር እመክራለሁ። ወረቀቱን ለኮሚቴው አሳየሁ። ያ የተቃወሙት አባት ቁጥሩን አይተው "እንግዲህ የበጋውን ደግሞ እናያለን" አሉ። ይህም ልክ ነበር። የካቲትና መጋቢት ሲመጣ ሀደሮ ትሞቃለች፤ ያኔ እንደገና ለክተን ነው ያጸደቅነው።

የምትኖሩበት ቦታም ለውጥ አለው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያው ፋን በያው ፍጥነት የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በሌላ በኩል የሆሳዕና አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ይካካሳል። ቆላማ ቦታ ያላችሁ ደግሞ አየሩ ወፍራም፣ ቀኑ ሞቃት ነው። ስለዚህ "ሀደሮ ውስጥ ስድስት ዳዮድ ሠርቷል" ብላችሁ ስድስት አታስገቡ። በሦስት ጀምሩ፣ ለኩ፣ አንድ አንድ እየጨመራችሁ ውረዱ።

የማይነኩትንም ልናገር። የፕሮሰሰሩን ፋን በዚህ መንገድ አትቀንሱ፤ ባዮሱ ከፈቀደ በባዮስ ብቻ። ፓወር ሳፕላዩን ከፍታችሁ ፋኑን ለመንካት አትሞክሩ። በውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች 300 ቮልት የሚያልፍ ይይዛሉ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል፤ ሰው ይገድላል። ጌም የምትጫወቱበት፣ ቪዲዮ የምታቀናብሩበት ትልቅ ካርድ ያለው ማሽን ከሆነ ደግሞ የሚቀነስ ትርፍ ላይኖረው ይችላል፤ ቴርሞሜትሩ ይንገራችሁ። የሚንቋቋ ወይም የሚፋጭ ድምፅ ያለው ፋን መሽከርከሪያው ያለቀ ነው፤ ቮልት ቢቀንሱለትም አይድንም፤ ይቀየር።

ከዚያ በኋላ የሸኻችንን ደርስ ቀድተን አዳመጥን። ፋኑ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ጆሮ ላሰጠ ሰው ከሩቅ ይሰማል። ነገር ግን ሲኑ ሲን፣ ሷዱ ሷድ ሆነ። ከምባትኛ አፉን የፈታ አንድ ደረሳ ኤርፎኑን አድርጎ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እየሰማ መጻፍ ጀመረ። ቀድሞ በየገጹ ብዙ ቦታ ባዶ ይተው ነበር፤ አሁን የሚተወው ጥቂት ነው። ሸኻችንም ሳይጮኹ፣ በተለመደው ድምፃቸው ያስተምራሉ። አንድ ቀን "ዛሬ መብራት የለም እንዴ?" ብለው ጠየቁ፤ ክፍሉ ጸጥ ስላለባቸው ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ በየቀበሌው እንዲህ ያሉ አባቶችና እናቶች አሉ። ተረቱን፣ የዘር ሐረጉን፣ የመድኃኒት ቅጠሉን፣ የኪታቡን ትርጉም በራሳቸው ቋንቋ የያዙ። አዲስ ማሽንና ስቱዲዮ እስኪመጣ አትጠብቁ። ያለውን አሮጌ ማሽን አራግፉ፣ ሦስት ዳዮድ አስገቡለት፣ ለኩ፤ ሸኹ ወይም እናትየው ድምፅ እያላቸው ቅዱ። ቅጂውንም በሁለት ቦታ አስቀምጡ።

አላህ ለሸኾቻችን ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልን።